የዋንዛው ጣውላ

ሆሳዕና፣ እሁድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲላስ ሽብሩ
ደቡብ አፍሪካ

ልጄ ሲላስ፣ የጌታ ሰላም ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ይሸፍንህ። ወረቀት ስታይ ልብህ እንዳይደነግጥ፤ ሁላችንም ደህና ነን። አባትህ ደህና ነው፣ እህትህ ቤቴል ደህና ናት፣ ላሟ ሳትቀር ደህና ናት፣ ባለፈው ሳምንት ወንድ ጥጃ ወልዳለች። እኔ ብቻ ግራ እጄ ጄሶ ውስጥ ነው። እሱንም እንደ ክፉ ነገር አትቁጠረው፤ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ደህና አድርጎ ይዞልኛል። እንዴት እንደተሰበረ እነግርሃለሁ፣ ግን በተራው። ታውቀኛለህ፣ እኔ ወሬ ከጀመርኩ ከሥሩ ነው።

ለምን አትደውዪም ትለኝ ይሆናል። እደውላለሁ እንጂ። ግን ስልክህ ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ነው። የአጎትህ ልጅ ተገኘ ከጎንህ ሆኖ «አክስቴ፣ እንዴት ነሽ» ይላል፣ ደንበኛ ይመጣል፣ አንተም «አማ፣ አታስቢ» ብለህ ትዘጋዋለህ። አታስቢ የሚባለው ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሆነ እንጃ፤ በተሰጠኝ ቁጥር ይብስብኛል። የምነግርህ ነገር ደግሞ ተገኘ ጆሮ ባይገባ የሚሻል ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ሶስና ሐሙስ ባሏ ዘንድ ስለምትበር በእሷ ላኩልህ። አንድ ጠርሙስ ዳጣ፣ ሁለት ኪሎ ቡላና ይሄን ደብዳቤ ይዛልሃለች። ቡላውን ከተገኘ ጋር ብላ፤ ደብዳቤውን ግን ብቻህን ሆነህ አንብብ።

መጀመሪያ ደስታዬን ልንገርህ፤ እሱን ካልተነፈስኩ ሌላው አይወጣልኝም። ቴኳንዶ ጀምሬያለሁ። ሳቅ፣ ግድ የለም፣ አባትህም ስቋል። አራት ወር ሆነኝ። ቢጫ ቀበቶ ሲደርሰኝ በድንገት ልነግርህ ብዬ ነበር የደበቅኩህ።

የተጀመረው በደም ግፊት ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «እትዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጠሽ ፋይል ስታገላብጪ ደምሽ ወዴት ይሂድ፤ ተንቀሳቀሺ» አለችኝ። እሺ ብዬ ጠዋት ጠዋት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። እግሬ ግን የት ወሰደኝ መሰለህ፣ አንተ ቴኳንዶ ትሠራበት ወደነበረው አዳራሽ። ሦስት ቀን በሩ ላይ ቆሜ አይቼ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን አሰልጣኝህ ማስተር ታዴዎስ ወጣና «እትዬ ጵርስቅላ፣ ሲላስ ረስቶት የሄደ ዕቃ አለ እንዴ» አለኝ።

«እኔን ረስቶኛል» አልኩት።

ሳቀና አስገባኝ። ለካ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የሴቶች ክፍል አለው። ሦስት አስተማሪዎች፣ አንዲት አዋላጅ፣ አንዲት የሺንሺቾ ልጅ ባንክ የምትሠራ፣ እና እኔ። ወጣቶቹ «የግፊትና የስኳር ብሔራዊ ቡድን» ይሉናል፤ ይበሉን። ልብስ አልገዛሁም፣ ያንተን ነጭ ዶቦክ ነው የምለብሰው። ሱሪው ከታች ሦስት ጊዜ ታጥፎ ነው። ስለ ወገቡ አትጠይቀኝ።

የመጀመሪያዋን ፓተርን፣ ቾንጂን፣ ይዣታለሁ። አሥራ ዘጠኝ እንቅስቃሴ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ወደ ግራ ሲዞር እኔ ወደ ቀኝ እየዞርኩ ከአዋላጇ ጋር ግንባር ለግንባር ስንጋጭ ነበር። አሁን ግን፣ ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ። ሃያ ስድስት ዓመት ፋይል ጠፋ ተብሎ ሲጮህብኝ «እሺ ጌታዬ» እያልኩ የዋጥኩት ሁሉ በእጄ በኩል ይወጣል። ማንንም አልመታም፣ አየሩን ነው የምመታው። ስጨርስ ግን ሰው በደንብ ያዳመጠኝ ይመስለኛል። ለአርባ ስምንት ዓመት ሴት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ቤት ስሆን ደግሞ ከእንሰቱ ጀርባ፣ አንተ ስትዞር ሳሩን የጨረስክበት ቦታ ላይ ነው የምለማመደው። መሬቱ የተደላደለ ስለሆነ ነው።

አባትህ ከእንጨት ሥራ ቦታው ብቅ ብሎ «አንቺ ሴትዮ፣ ማንን ልትመቺ ነው» ይለኛል።

«ገና አልወሰንኩም፤ አንተም ዝርዝሩ ውስጥ አለህ» እለዋለሁ።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ሳለ ነው የገናው ስልክ የመጣው።

ታስታውሳለህ፣ ሁላችንም ሳሎን ተሰብስበን ነበር። ጎረቤትህ መሐመድአሚን፣ የወራቤው ልጅ፣ ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሽጉጥ ይዘው እንደገቡበት ነገርከን። የጠየቁትን ሰጥቷቸው ሄዱ አልክ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሳልጨርስ አንተ ሳቅክ። «ፈሪ ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን በአንድ ምት ነው» አልክ። ተገኘ ደግሞ ከኋላ «ሲላስ እያለ እኛ ጋ ማን ይገባል፤ የብረት ፍርግርጉን እንኳ ነቅለነዋል፣ ደንበኛ እንደ ልቡ ገብቶ ይገዛል» አለ። ስልኩን አዙረህም አሳየኸን። ፍርግርጉ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከባንኮኒው በላይ ደግሞ ያ የሰበርከው ግማሽ ጣውላ፣ አባትህ በሠራለት ፍሬም ውስጥ፣ እንደ ንግድ ፈቃድ ተሰቅሏል።

ቤቴል እልል አለች። አባትህ ተነስቶ ወጣ። ለላሟ ሣር ልስጥ ነው ያለው፤ ላሟ ግን በልታ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ልጄ፣ እህል አፌ ላይ ይደርሳል እንጂ አይወርድም። ቢሮ ተቀምጬ የግንቦትን ደብዳቤ የመጋቢት ፋይል ውስጥ አስገባለሁ። ማክሰኞ አዳራሽ ስሄድ ማስተር ታዴዎስን ለብቻው ያዝኩት።

«ማስተር፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ይሄ ነገር መሣሪያ የያዘ ሰው ይመልሳል?» አልኩት።

አንተ ታውቀዋለህ፣ አራተኛ ዳን ነው፣ ከመሬት ሲነሳ ወፍ ነው። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና «እትዬ፣ አምና መናኸሪያው ጋ አንድ ልጅ ቢላ አውጥቶ ስልክህን አምጣ ሲለኝ ምን ያደረግኩ ይመስልሻል» አለኝ።

«ጣልከው?»

«ሰጠሁት። ቻርጀሩም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ልጨምርልህ ወይ አልኩት።»

እኔ ሳቅኩ፣ እሱ ግን አልሳቀም። «መምታት አቅቶኝ አይደለም። ምናልባት እመታው ነበር። ምናልባት የሚባለውን ነገር ግን ሁለት ልጆች ይዤ መሞከር አልፈለግኩም። ጣውላ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ ሰው አይጠብቅም» አለኝ።

«ታዲያ አሥራ አምስት ዓመት ለምን ታስተምራለህ?»

«አንቺ መዘምራን ውስጥ ነሽ አይደል? እሁድ ስትዘምሪ ማንን ልታሸንፊ ነው?»

እኔ መልስ ማጣቴን ለአባትህ ስነግረው አላመነኝም።

እንግዲህ አሁን ወደሚያስቸግረው ደረስኩ። ይህን መስመር ከመጻፌ በፊት ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ፣ ጥጃውን አየሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የ2014ቱን ያሆዴ፣ ያን የዘመን መለወጫችንን አስብ። ክለባችሁ ስታዲየም ላይ ትርኢት ሊያሳይ፣ አንተም ጥቁር ቀበቶህን እዚያው ሕዝብ ፊት ልትታጠቅ። ሦስት የዋንዛ ጣውላ አንድ በአንድ በእግርህ ልትሰብር ነበር። ጣውላውን የሚያዘጋጀው አባትህ ነው፤ ለክለቡ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚሠራው። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ጓሮ ውስጥ አንዱን ግንድ ላይ አስደግፈህ ስትሞክር በወጥ ቤቱ መስኮት እያየሁህ ነበር። አንድ ጊዜ መታኸው፣ አልተሰበረም። አራት ጊዜ መታኸው፣ አልተሰበረም። ከዚያ እያነከስክ እንሰቱ ውስጥ ገብተህ ተቀመጥክ። ማንም ያየህ አልመሰለህም። ትከሻህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

አባትህን «መላ ፈልግ» አልኩት።

«ምን መላ?»

«እንጨት የምታውቀው አንተ ነህ።»

ገባው። «እኔ የእንጨት ሥራ አላጭበረብርም» አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ለመንኩት። ሲበላ ለመንኩት፣ ሲላጭ ለመንኩት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለመንኩት። «የሀቢቾ ዘመዶቼ ሁሉ ይመጣሉ፤ ልጄ ሕዝብ ፊት ይውደቅ?» አልኩት። በአራተኛው ቀን ምንም ሳይናገር ቀጭኑን መጋዝ አወጣ። ሦስቱንም ጣውላ ከጀርባቸው፣ መሐል ለመሐል፣ ከውፍረታቸው ከግማሽ በላይ ቆረጣቸው። ቁርጡን በኮላና በሰጋቱራ ሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ቀለም እንዲመስል በሻይ አጠበው። የተቆረጠው ጎን ወደ ያዦቹ እንዲዞር በእርሳስ ነጥብ አደረገበትና ጠዋት ራሱ ወስዶ ራሱ አስያዛቸው። ማስተር ታዴዎስ አያውቅም። ዛሬም አያውቅም።

ሦስቱም ተሰበሩ። ስታዲየሙ አበደ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እልል አልኩ፤ እያወቅኩ እልል አልኩ። አባትህ መሬት መሬት ሲያይ ነበር። ከደቡብ አፍሪካ ሊያገባ የመጣው ተገኘ ደግሞ አጠገባችን ቆሞ ነበር። በማግስቱ ቤታችን መጥቶ «እንዲህ ያለ ልጅ ሱቄ ውስጥ ቢኖር ማንም አይደፍረኝም፤ ሲላስን ልውሰደው» አለ። አንተም ደስ አለህ። እኔ ምን ልበል? ጣውላው ተቆርጦ ነው ልበል? አፌን ያዝኩ። ወሬኛዋ እናትህ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ አፏን የያዘችው ያኔ ነው።

ስብርባሪውን ያሆዴ ማታ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አንዷን ግማሽ ግን አንተ ቀድመህ አንስተሃት ነበር። ልትሄድ ስትል ሻንጣህ ውስጥ ስትከታት አባትህ «ቆይ፣ ፍሬም ልሥራላት» አለህ። ለጌጥ መሰለህ? ጠርዟ እንዳይታይ ነው።

ልጄ፣ ፍሬሟን ፍታ። የተሰበረችበትን ጠርዝ በጣትህ ዳስስ። እውነት የተሰበረ ዋንዛ ጠርዙ ሁሉ ሻካራ ነው፣ ጣት ይወጋል። ያንተ ግን ከፊት በኩል ቀጭን መስመር ብቻ ናት የሻከረችው፤ የቀረው ለስላሳ ነው፣ ኮላው ቢጫ ሆኖ ደርቋል። እናትህ ፈርታ የምታወራው ነገር ነው እንዳትል፣ ምስክሩ ከራስህ በላይ ተሰቅሏል።

አሁን ስለ እጄ። ከገና በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፦ ምናልባት ያኔ ሳይቆረጥም ትሰብረው ነበር፣ ምናልባት እኔ በከንቱ ነው የምጨነቀው አልኩ። አባትህ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ሲሄድ ሥራ ቦታው ገብቼ ያንኑ የመሰለ ዋንዛ፣ ያንኑ ውፍረት፣ ያልተቆረጠ፣ አወጣሁ። ሁለት ብሎኬት ላይ አጋደምኩት። ዶቦክህን ለበስኩ። በግራ ነው የመታሁት፤ ቀኜ የመዝገብ ቤት እጅ ስለሆነች ሳሳሁላት። ጣውላው ምንም አልሆነም። እኔ ግን እጄ መሰበሩን ከድምፁ ነው ያወቅኩት።

ሆስፒታል ራጅ የሚያነሳው ልጅ «ምን ሆነሽ ነው እናቴ» አለኝ።

«ጣውላ መትቼ።»

«ጣውላ ወድቆብሽ?»

«አይ፣ መትቼው።»

ወደ ባልደረባው ዞሮ «ይቺን ራስዋን ጭምር ራጅ አንሳት» አለው። ጆሮዬ ደህና መሆኑን አላወቀም።

አባትህ ሲመጣ ጄሶውን አየ፣ ብሎኬቱን አየ፣ ጣውላውን አነሳና ጀርባውን ገልብጦ አየ። አልተቆጣኝም። አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ «ጻፊለት» አለኝ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት ብለሽ ጻፊለት» አለ። እኔ ግን እንደዚያ አልጽፍም። እጁ የሱ ነው፣ ሥራው የኔ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይጠፋብህ። ያን ዕለት ጣውላው ከመምጣቱ በፊት ብቻህን ሜዳው መሐል ቆመህ ፓተርንህን ሠርተሃል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ በቆሎ የሚቆረጥመው ሳይቀር፣ ጸጥ አለ። ስትዞር ነጭ ልብስህ ይጮህ ነበር። እኔ ያኔ ምን እንደማይ አልገባኝም ነበር፤ ዓይኔ ጣውላዎቹ ላይ ነበር። አሁን ራሴ ስሞክረው ነው የገባኝ። ያንን ማንም አልቆረጠልህም። ያ ያንተ ነው፣ ጥቁር ቀበቶህንም ያገኘህበት እሱ ነው። ከሽጉጥ ጋር ግን አታገናኘው፤ አይተዋወቁም።

ስለዚህ ፍርግርጉን መልሰህ ግጠመው። ዛሬውኑ። ተገኘ ለምን ካለህ እናቴ ሕልም አየች በለው፤ ለተገኘ ሕልም ይበቃዋል። ሰዎቹ ከመጡ ስጣቸው። ስኳሩንም ዘይቱንም ስልኩንም ስጣቸው፣ ቡላውንም ከፈለጉ ስጣቸው፣ ሌላ እልክልሃለሁ። መሐመድአሚንን ደግሞ ፈሪ ያልከውን ይቅርታ ጠይቀው። የሱ እናት ወራቤ ተቀምጣ ዛሬ እህል ይወርድላታል።

ፍሬሙን ስትፈታ እንደምትናደድ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ያመንክበትን ነገር ከእጅህ ወሰድኩብህ። ከተናደድክ ደውልና ተቆጣኝ። ስፒከሩን አጥፍተህ፣ እንደፈለግክ ጮኸህ ተቆጣኝ። እሺ ጌታዬ አልልህም፤ አዳምጥሃለሁ። ሳትደውል አትቅር እንጂ።

ማስተር ታዴዎስ ፓተርን የሚያልቀው በተነሳንበት ቦታ ላይ ነው ይላል። አንድ ስንዝር እንኳ ብንስት «እንደገና» ይለናል። እኔ እስካሁን ሁለት እርምጃ እስታለሁ። ጓሮው ውስጥ አንተ የምትነሳበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ጥጃው እንዳያበላሸው አጥሬዋለሁም።

በወጣህበት የሚጠብቅህ፣ በገባህበት የሚቀድምህ ጌታ ይሁን። በርህን እሱ ይዝጋልህ፤ አንተም ዝጋው። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ እጅ፣ ከራስህም ጉራ ይሰውርህ። ዕድሜህ ከእኔ ዕድሜ ላይ ተቀንሶ ይጨመርልህ። አሜን።

ዘወትር የምታስብህ
እናትህ ጵርስቅላ

ከፈረምኩ በኋላ፦ አባትህ ደብዳቤውን አነበበው። ከታች የራሴን መስመር ልጻፍ ብሎ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆመ፣ ከዚያ እርሳሱን መለሰው። «ፍርግርጉን ሲገጥም ብሎኖቹን ከውስጥ በኩል ያድርጋቸው በይው፤ ከውጭ ከሆኑ ይፈታሉ» አለኝና ወጣ። ይኸው ጻፍኩልህ፦ ከውስጥ በኩል።